አሥራ አምስተኛው መንገድ ላይ ድንጋይ ስጠግን

ልጄ ማሕሌት ገና ተማሪ ሳለች አስተማሪዋ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብላ ብትጠይቃት፣ «ማይ ማም ዎርክስ ኦን ዎል ስትሪት» ብላ መለሰች። ወሬው ከትምህርት ቤት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብዙ አልቆየም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማከብራቸው እናት ጠጋ ብለው፣ «ጽጌ፣ ባንክ ገባሽ አሉ። እሰይ! ለልጄም የሚሆን ነገር ካለ እንዳትረሺኝ» አሉኝ።

«ባንክማ ገብቻለሁ እማማ፤ ግን በውጭ በኩል ነው» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ልጄም አልዋሸችም። ዋሽንግተን መሃል፣ ከግምጃ ቤቱ ሕንፃ ጎን የሚያልፈው አሥራ አምስተኛው መንገድ በድሮ ጊዜ በታወቀው የባንኮች መንገድ ስም «የዋሽንግተን ዎል ስትሪት» ይባል ነበር። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እዚያ መንገድ ላይና በዙሪያው ነው። የያዝኩት ግን ገንዘብ ሳይሆን ድንጋይ ነው። የአሮጌ ባንኮችን ግድግዳ ስጠግን ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። አሁን ግድግዳውን ከሰው በፊት የሚያየው በአየር የሚበር ካሜራ ሆኗል። ክፉ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጉልበትና ብዙ አደጋ ያድናል። እኛ እንዴት እንሠራ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ግን እየሳሳ ሄዷል። እኔም ረሳሁ ማለት ሳልጀምር ልጻፈው ብዬ ነው።

ከአዲስ አበባ በዲቪ ስንመጣ ባለቤቴ ኃይሉ፣ እኔና ገና ድክ ድክ የምትለው ማሕሌት ነበርን። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራየን። ኃይሉ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን ከክፍል ክፍል የማመላለስ ሥራ አገኘ፤ እኔ ደግሞ አሥራ አምስተኛው መንገድ አጠገብ አንድ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ገባሁ። ሆቴሉ ድሮ ባንክ ነበር። ብር የሚቆጠርበት አዳራሽ ሎቢ ሆኗል፤ እኔ የደረሰኝም እሱን ማጽዳት ነው።

ሎቢው ውስጥ ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ አለ። የተሰጠኝ የማጽጃ ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በሱ በወለወልኩት ቁጥር የደረጃው ወዝ እየጠፋ ሲሄድ አየሁና ፈሳሹን ትቼ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ማጠብ ጀመርኩ። በዚያ ሰሞን የሕንፃው ፊት በብረት መወጣጫ ተሸፍኖ ሠራተኞች ድንጋዩን ያድሱ ነበር። አንድ ቀን ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ውሃ ሊጠጡ ገቡና ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይኼን በምንድነው የምታጥቢው?» አሉኝ።

«በውሃ።»

«ማን ነው በውሃ እጠቢ ያለሽ?»

«ማንም። በፈሳሹ ሳጥበው ደስ አላለውም።»

ያኔ እንግሊዝኛዬ ከዚህ የተሻለ ለማስረዳት አይበቃም ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡና ቡድናቸው ረዳት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። «ክፍያው ከዚህ ትንሽ ይሻላል፤ ብርዱ ከዚህ በጣም ይብሳል» አሉ። ሚስተር ክላረንስን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ማታ ለኃይሉ ስነግረው ሳህን እያጠበ ነበር። ቧንቧውን ዘጋው።

«መወጣጫ ላይ? አንቺ አይደለሽ እንዴ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስትወጪ ያዘኝ ያዘኝ የምትይው?»

«ወንበሩ ስለሚወዛወዝ ነው።»

«መወጣጫውስ አይወዛወዝም?»

«ይወዛወዛል። ግን ቀበቶ አለው።»

እጁን በፎጣ አደራረቀና፣ «እንግዲህ ሞክሪው። ካልሆነልሽ ሆቴል መች ይጠፋል» አለኝ። እናቴ ይህን ብትሰማ ታለቅስ ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ተይው ብሎኝ አያውቅም።

የካምፓኒው ወርክሾፕ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀይ መስመር እሳፈራለሁ፣ መሃል ከተማ ባቡር ቀይሬ አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ከዕቃው ጋር በቫን ተጭኜ ወደዚያው ወደ መሃል ከተማ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። በኋላ ወደድኩት፤ ቫኑ ውስጥ ከሚስተር ክላረንስ አጠገብ ስለምቀመጥ ትምህርቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛ አንቱ የሚል ነገር ስለሌለው «ሚስተር» በማለት ነበር አክብሮቴን የምገልጸው። ሌሎቹ ሠራተኞች በስማቸው ብቻ ሲጠሯቸው ጆሮዬን ይከረክረኝ ነበር።

ሚስተር ክላረንስ አዲስ ሕንፃ ላይ ሥራ ስንጀምር በመጀመሪያ መንገዱን ተሻግረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ያዩታል። እኛ ዕቃ አውርደን ስንጨርስም እዚያው ናቸው። ምሳቸውን የሚበሉት ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው በሳንድዊቻቸው ጠቆሙኝ። «ፀሐይዋ አሁን በጎን ነው የምታርፍበት። ጤነኛ ድንጋይ ጥላ አይጥልም። ያበጠው ነው የሚጥለው። እዪ፣ ያውና።» አየሁ፤ ጠዋት ልሙጥ የመሰለኝ ግድግዳ ላይ እንደ ጉንጭ ያበጠ ነገር ነበር። ውሃ ከጀርባው ገብቶ ገፍቶታል።

ከዚያ በእንጨት መዶሻ ማንኳኳት አለ። ጤነኛው ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የተሰነጠቀው እንደ ባዶ ቅል የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህን ለመለየት ጆሮዬን ማሠልጠን ነበረብኝ። መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ እናቆማለን፤ ሲያልፍ እንቀጥላለን።

ዋናው ሥራ ግን የድንጋዩ መጋጠሚያ ነው። የድሮ ሰዎች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራና በአሸዋ ማልታ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡት ይጠንክር ብለው በሲሚንቶ ሞሉት። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፤ ግድግዳው በሙቀት ሲሰፋና በብርድ ሲኮማተር የሚሰበረው ታዲያ ድንጋዩ ይሆናል። እኛ ያንን ሲሚንቶ በቀጭን መሮ ቀስ እያልን ፈልቅቀን እናወጣለን፤ ክፍተቱን በውሃ እናርሰዋለን፤ አዲሱን ኖራ በስሱ በስሱ እየደራረብን እንጠቀጥቀዋለን፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው ደግሞ በእርጥብ ጆንያ እንሸፍነዋለን። «መጋጠሚያው ከድንጋዩ መለስለስ አለበት። አንዱ መሸነፍ ካለበት በቀላሉ የሚተካው ይሸነፍ» ይሉ ነበር። ይኼን ምክር ለትዳርም ተጠቅሜበታለሁ።

አንድ ቀን ባንኮቹ ለምን ቤተ መቅደስ እንደሚመስሉ ጠየቅኋቸው። የመንገዱን ታሪክ የነገሩኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ ግምጃ ቤቱ እዚያ ተተከለ። ገንዘብ መንዛሪዎችና ባንኮች ከመንግሥት ካዝና ላለመራቅ ዙሪያውን ሰፈሩ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ እነሱም በረከቱ፤ እያንዳንዱም ጎረቤቱን የሚያስንቅ ዓምድ ማቆም ያዘ።

«ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ሰው ሆዱ ይፈራል» አሉኝ። «ዓምዱ የቆመው፣ አይዞህ፣ እኔ የትም አልሄድም እንዲለው ነው።»

«እውነቱን ነው?»

«ዓምዱ እውነቱን ነው። እስካሁን የትም አልሄደም። የሄዱት ባንኮቹ ናቸው።»

ልክ ነበሩ። ገሚሱ ከሰረ፣ ገሚሱ በሌላ ተዋጠ፣ ገሚሱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሕንፃዎቹ ሆቴልና ምግብ ቤት ሆነው ቀሩ። ሚስተር ክላረንስ ከዚያ በእጃቸው ወደ መንገዱ ጥግ አመለከቱኝ። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ጥሪታቸውን ያስቀመጡበት ባንክ ዋና ቢሮው እዚያ አቅራቢያ ነበር። የእሳቸው ቅድመ አያትም በልብስ አጠባ ያገኙትን እዚያ አኑረው ነበር አሉ። ባንኩ ከነገንዘባቸው ወደቀ፤ ያ የተዋበ ሕንፃም ቆየት ብሎ ፈረሰ።

«ታዲያ እርስዎ የባንክ ግድግዳ መጠገኑ አይከብድዎትም?»

«ባንኩን አይደለም የምጠግነው» አሉ። «ይህን ድንጋይ የጠረቡትና የሰቀሉት እነማን ይመስሉሻል? ከእኔ ወገን ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጡ፣ እንዳንቺ ቋንቋው የሚቸግራቸውም ነበሩ። ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔ የምጠግነው የነሱን ሥራ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ለእኔ ሌላ ሆነ። ጣቴ በብርድ ሲደነዝዝ ከእኔ በፊት እዚያው ቦታ ጣቱ የደነዘዘውን ሰው አስብ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አለቃችን ጄሪ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ሁሌ የሚቸኩል፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው ነው። ሚስተር ክላረንስ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ማገገሚያ በገቡ ጊዜ ጠራኝና፣ «የአንበሶቹን ሥራ አንቺ ትመሪያለሽ» አለኝ። መንገዱ ላይ ካሉት አሮጌ ባንኮች በአንዱ፣ ከጣሪያው ሥር የአንበሳ ራሶች ተደርድረው ይታያሉ። አንዱ ተላቅቆ ስለነበር ማውረድ፣ የዛገ ብረቱን መቀየር፣ መልሶ መስቀል ነበረብን።

ከሥር ያለውን መተላለፊያ በገመድ ዘጋን። አንበሳውን ፊቱን፣ ጎኑን፣ አንገቱን አንኳኳሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ጀርባው ግን ግድግዳው ውስጥ ስለተቀበረ ሊንኳኳ አይችልም። በሰፊ ቀበቶ አቀፍነው፤ በሰንሰለቱ ቀስ እያልን ከቦታው ሳብነው። ሙሉ ለሙሉ ሲወጣና ክብደቱ ቀበቶው ላይ ሲያርፍ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው ዓይነት። ከውስጡ የነበረው ብረት ዝጎ አብጦ ድንጋዩን ከመሃል ሰንጥቆት ኖሯል። ግማሹ ከቀበቶው ሾልኮ ወረደና የመወጣጫው ወለል ላይ ተከሰከሰ። ቀሪው ግማሽም ሚዛኑን ስቶ ተከተለው።

ሰው አልተጎዳም። ግን ሁላችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን። የአንበሳው አንድ ጆሮ ተንከባልሎ ጫማዬ ሥር ቆመ። ስሙ የማይታወቅ ሰው ጠርቦ የሰቀለው፣ ያን ሁሉ ዘመን ዝናብና በረዶ ያልጣለው ነገር በእኔ ቀን ተሰበረ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ጄሪ መጥቶ አየና ትከሻዬን ያዘኝ። «ሊታወቅ የሚችል ነገር አልነበረም» አለ። ቀጥሎ ያለው ግን የባሰ ነበር። የሕንፃው ባለቤቶች ነገሩን ሲሰሙ የቀሩትንም አንበሶች አውርደን በሙሉ በቅርጽ በፈሰሰ ኮንክሪት እንድንተካቸው አዘዙ። ጄሪ ለምኖ እስከ ጸደይ ጊዜ አገኘ። እስከዚያ የተሰበረውን የሚመስል የድንጋይ አንበሳ ካቀረብን የቀሩት ይተርፋሉ።

ማገገሚያው ድረስ ሄጄ ለሚስተር ክላረንስ ነገርኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። አላጽናኑኝም።

«ስብርባሪውን የት አደረግሽው?»

«ጆንያ ውስጥ፣ ወርክሾፕ።»

«አንዱንም አልጣልሽም?»

«አልጣልኩም።»

«እንግዲያው ትሠሪዋለሽ።»

«ጠርቤ አላውቅም እኮ!»

«እኔ አውቃለሁ። እጄ ነው በዕድሜ የደከመው። አንቺ እጅ አለሽ።»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኔ ስብርባሪውን እየገጣጠምኩ ፊቱን መልሼ አቆምኩ። ከአፍንጫውና ከአንድ ዐይኑ በቀር ሁሉም ተገኘ። ከዚያ ተመሳሳይ ድንጋይ መጣልኝና መጥረብ ጀመርኩ። መሮውን ቀጥ አድርጌ ስይዝ ድንጋዩ ይፈነጠራል፤ ሳጋድመው ደግሞ ይንሸራተትብኛል። የመጀመሪያውን አንበሳ ስጨርስ ኃይሉ ሊወስደኝ መጥቶ አየው። ዙሪያውን ዞረና፣ «ጥሩ በግ ነው» አለ። ሚስተር ክላረንስ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለተኛ ድንጋይ ጀመርኩ።

ሁለተኛው አንበሳ መሰለ፤ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ሚስተር ክላረንስ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ይሄ ተቆጥቷል» አሉ። «የድሮው አልተቆጣም። ዕድሜ ልኩን ባንክ በር ላይ የተቀመጠ አንበሳ ምን ያስቆጣዋል? ሰልችቶታል።»

ይህን ሲሉኝ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ለመግቢያ ሳንቲም አጠራቅመን እንሄድ ነበር። እንዲያገሳ ብንጮኽ፣ ብንዘልል፣ አንበሳው ግንባሩን ሸብሸብ አድርጎ፣ የዐይኑን ቆብ ግማሽ ድረስ ጥሎ ያየንና ፊቱን ያዞራል። የተቆጣም አይመስል፤ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረንም። ያን የዐይን ቆብ አውቀዋለሁ። መሮዬን አነሳሁ፤ ቅንድቡን ትንሽ ጠርቤ ቀነስኩት፤ ከቆቡ ሥር ያለውን ዐይን ፈልፍዬ ቆቡ የወረደ አስመሰልኩት። ስጠርበው፣ ስጠርበው ቆይቼ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስል እዚያ የነበረው የስድስት ኪሎው አንበሳ ነው።

ሚስተር ክላረንስ ተነስተው በመዳፋቸው ግንባሩን ዳሰሱት፣ ከዚያ ካፖርታቸውን ለበሱ። ለእኔ ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበረም።

በጸደይ አንበሳው ተሰቀለ። ሚስተር ክላረንስ በኃይሉ መኪና መጥተው ከመንገዱ ማዶ በምርኩዛቸው ቆሙ። ባለቤቶቹም መጥተው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ «የቱ ነው አዲሱ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ዝናብ ጥቂት ዓመት ይምታው፣ ያኔ እኔም አላውቀውም» አሏት። የቀሩት አንበሶች በቦታቸው ጸኑ። ዛሬም አሉ።

ሚስተር ክላረንስ ወደ መወጣጫው አልተመለሱም። እስኪያርፉ ድረስ ግን አዲስ ሥራ በጀመርኩ ቁጥር ኮል ያደርጉልኝ ነበር። «መንገዱን ተሻግረሽ አየሽው?» ይሉኛል። አየሁት እላለሁ። «እንደገና ተሻገሪ» ይሉኛል። ሲቀብሯቸው ያሠለጠኗቸው ግንበኞች ሬሳቸውን ተሸከሙ፤ እኔም ከመካከላቸው አንዷ ነበርኩ። ማሕሌት ያን ዕለት ዩኒቨርሲቲ ከምትማርበት ከኮሌጅ ፓርክ ክላሷን ትታ መጥታ ነበር። በሰው መሃል እጄን ይዛ ከጀርባዬ ቀና ሳትል ቆየች። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ማሚ፣ ስለ ሥራሽ ስትነግሪኝ አላዳምጥሽም ነበር። ማዳመጥ ነበረብኝ፣ አይ ሹድ ሃቭ» አለችኝ። «አሁን አዳምጪኝ» አልኳት። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስነግራት ሄድኩ።

የመጨረሻው ሥራዬ ያው መንገድ ላይ ነበር። ድሮ ባንክ የነበረ አዳራሽ ምግብ ቤት ሆኗል፤ ከጥጉ ጣሪያ ውሃ ያንጠባጥባል። ብዙ ሰው መጥቶ ፕላስቲክ ማጣበቂያ ለጥፎበት ሄዷል። ሥራ አስኪያጇ ሮሳ የምትባል የኤል ሳልቫዶር ሴት ነች። እዚያ ጥግ የነበረው ጠረጴዛ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በቦታው ባልዲ ተቀምጧል። «ይኼ ካልቆመ ባለቤቱ ሊዘጋው ነው፤ ስንት ሰው እንጀራው እዚህ ነው» አለችኝ።

የሚበረው ካሜራ ፎቶውን አምጥቶልን ነበር፤ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም። ካሜራውን የሚያበረው ኢንጂነር ራሱ፣ «ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺ ነው» አለኝና ልብሱን ቀይሮ አብሮኝ ወጣ። በውሃ ጎማ ከታች ጀምረን ወደ ላይ፣ መጋጠሚያውን አንድ በአንድ እያራስን እንወጣለን፤ ሮሳ ከውስጥ ሆና በስልክ፣ «ደረቅ ነው፣ ደረቅ ነው» ትለናለች። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የገባበት አይታወቅም። ከጥጉ ርቆ፣ ማንም ያልጠረጠረው ቦታ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ስንደርስ የሮሳ ድምፅ ተቀየረ። «መጣ» አለች። ውሃው እዚያ ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ አግድም ተጉዞ ነበር ጥጉ ላይ የሚወርደው። ያን መጋጠሚያ ፈልቅቄ አወጣሁ፣ በኖራ ሞላሁት፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩት።

ኖራው ደርቆ ከጠነከረ በኋላ አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ መጣ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ቀን ነበር የቀረኝ። ኢንጂነሩና እኔ ሄደን አዳራሹ ውስጥ ቆምን። ምሳ የሚበሉት ሰዎች ቀና ብለው እኛን ያያሉ፤ እኛ ጣሪያውን እናያለን። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበዋል፤ መንገዱ ላይ ሰዎች ጋዜጣና ቦርሳ ራሳቸው ላይ ይዘው ይሮጣሉ። ሮሳ ከጎኔ ቆማ ዐይኗን ከጥጉ አልነቀለችም።

ዝናቡ አባራ። ሮሳ ወደ ጥጉ ሄዳ መሬቱን በእጇ ነካችው፤ እጇን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ባልዲውን አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችውና አንድ ጠረጴዛ እየጎተተች ተመለሰች። በቦታው አስቀምጣ ጨርቅ አለበሰችው፣ ሁለት ወንበር አቀረበች፣ «ተቀመጡ፣ ምሳ ላምጣላችሁ» አለችን።